ተሸናፊ ይከፍላል

የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ሦስት ነገር ተከታትሎ መጣ፦ ድምፁ ጎረነነ፣ ጫማው ጠበበው፣ አስተያየቱ በዛ። ሁለቱን ጊዜ ያስተካክላቸዋል ብለን ተውናቸው። ሦስተኛው ግን ቤቱን ሞላው። ስለ ሒሳብ ትምህርት ስትጠይቁት «ደህና ነው» ይላል። ስለ ፊዚክስ «እሱም ደህና ነው» ይላል። የትኛው የእግር ኳስ ጌም ከየትኛው እንደሚሻል ከጠየቃችሁት ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እናንተም ተቀመጡ፤ ቶሎ አያልቅም።

ይህ የሆነው ካርቱም ነው፣ ዴም ሰፈር። ካርቱም የኖረ ሐበሻ ዴምን አያጣውም። እንጀራ የሚሸጥበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ሹሩባ የሚሠራበት፣ ትናንት ከመተማ የገባ ሰው ዘመድ አፈላልጎ የሚያድርበት ሰፈር ነበር። እህቴ እዚያ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ ልጇም ያደገው በወጥ ድስቱና በቴሌቪዥኑ መካከል ነው። በአማርኛ ይቆጣል፣ በሱዳን ዓረብኛ ይቀልዳል፣ ጌም ሲሸነፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሳደባል። እናቱ እንግሊዝኛ ስለማትችል «ልጄ እኮ እንግሊዝኛው ጎበዝ ነው» ትላለች።

ጎረምሳ አስተያየት ቢያበዛ ብርቅ አይደለም። ይሄኛው ግን ያመዛዝናል፤ ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ ሲል ምክንያት ይደረድራል፤ ጓደኛው የወደደውን ሁሉ አይወድም። ይህን ልማድ ከትምህርት ቤት እንዳላመጣው የፈተና ወረቀቶቹ ይመሰክራሉ። ምንጩን ፍለጋ ብወጣ ያገኘሁት ከቤታችን ሦስት ቅያስ ራቅ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው።

ቤቷ አራት ቴሌቪዥን፣ አንድ ቬንቲሌተርና ደጅ ላይ የሚንደቀደቅ ጄኔሬተር አላት። ባለቤቱ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሱዳናዊ አዛውንት ናቸው፤ ጌም ተጫውተው አያውቁም፣ ሻይ ይዘው በሩ ሥር በገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ሰዓትና ሳንቲም ይቆጥራሉ። በካርቱም የግንቦት ሙቀት ቬንቲሌተሩ የተዞረው ወደ ሰዎቹ ሳይሆን ወደ ማሽኖቹ ነው። ሰው ከሞቀው ላቡን ጠርጎ ይጫወታል፤ ፕሌይስቴሽኑ ከሞቀው ግን ራሱን ያጠፋል፣ ገቢም ይቆማል። ጆይስቲክ መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የእህቴ ልጅ አንዱን ያነሳል፣ የአውራ ጣቱ ማረፊያ ጎማ ተልጦ እንደሆነ ይዳስሳል፣ ከዚያ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው መታ መታ አድርጎ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። ውስጡ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ይመልሰዋል። ጥሩው ጆይስቲክ እጁ ከገባ በኋላ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ይዞት ይሄዳል።

የቤቷ ሕግ አንድ ነው፤ አዲስ አበባም ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ሁሉ ያውቀዋል፦ አሸናፊ ይቀጥላል፣ ተሸናፊ ይከፍላል። እናቱ በቀን የምትሰጠው ገንዘብ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ይበቃል። ከተሸነፈ ከፍሎ ወደ ቤት ይመለሳል። ካሸነፈ ግን በሰው ገንዘብ እስከ መግሪብ አዛን ይጫወታል። ስለዚህ ማሸነፍ ለእሱ የኩራት ሳይሆን የበጀት ጉዳይ ነበር። በጀት ያለበት ሰው ደግሞ ማጥናት ግዴታው ነው፤ የትኛው ቡድን በክንፍ ይፈጥናል፣ የትኛው ጌም ላይ ግብ ጠባቂው ከሩቅ በሚመታ ኳስ ይታለላል፣ የትኛው ተጋጣሚ ሁለት ግብ ሲቆጠርበት ይናደዳል። አስተያየቱ የተወለደው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ሦስት መቶ ጌም የተደረደረለት ልጅ አንዱ ባይጥመው ሌላውን ይከፍታል፤ ለምን እንዳልጣመው ለማሰብ ጊዜ አያጠፋም። በቀን አንድ የሚደርሰው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያመነዥከው ይውላል።

የቤቷ ትልቁ ክርክር ከሁለቱ የእግር ኳስ ጌሞች ፔስ ወይስ ፊፋ የሚል ነበር። ወንድማማቾች በዚህ ተኮራርፈዋል። የፊፋ ደጋፊዎች የሚመኩት በእውነተኛው ስም፣ በእውነተኛው ማሊያና በቱኒዚያዊው ኮሜንታተር በዒሳም ሸዋሊ ጩኸት ነው። ሸዋሊ ግብ ሲቆጠር ሲጮህ ከጄኔሬተሩ በላይ ይሰማል። ፔስ የብዙ ክለቦችን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ቀይ»፣ ቼልሲን «ለንደን ኤፍ ሲ» ብሎ ሲያሰልፍ ኖሯል። የእህቴ ልጅ የፔስ ወገን ነበር። «ፊፋ ስሙን ገዝቷል፤ ፔስ ግን ኳሱ ክብደት አለው» ይላል። ስሙ ቢቀየር ምን አለበት? የእሱ የራሱ ስም ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አያውቅም? በኋላ ፔስ ስሙን ኢፉትቦል ብሎ ቀየረ፣ ፊፋም ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጋር ተለያይቶ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍ ሲ ተባለ። ያ ሁሉ ኩርፊያ የነበረባቸው ሁለቱም ስሞች ጠፉ፤ ወንድማማቾቹ ታርቀው ይሆናል።

ፔስን የወደደበት ሌላም ምክንያት ነበረው። ጌሙ ውስጥ ኢትዮጵያም ሱዳንም የሉም። ግን ማስተካከያ የሚባል ክፍል አለው፤ የሌላ አገር ቡድን ወስዶ ስሙንም ማሊያውንም መቀየር ይቻላል። ልጁ እዚያ ገብቶ ዋሊያዎቹን ፈጠረ፤ ሱዳናዊው ጓደኛው ደግሞ የሱዳንን ቡድን ሠራ። ከዚያ በየሳምንቱ የ2005ቱን ጨዋታ ይደግማሉ። የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ፤ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር ተገናኝተን እነሱ አገር 5 ለ 3 ተሸነፍን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው 2 ለ 0 ስናሸንፍ በድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ ባገባነው ግብ አለፍን፤ ከ31 ዓመት በኋላ። ልጁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ግማሹ ደንበኛ ሲጨፍር ግማሹ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ አይቷል። እናቱ ደስታዋን ወጥ ቤት ገብታ ነው የጨረሰችው፤ ደንበኛ ደንበኛ ነው።

ጌሙ ላይ ግን ችግር ነበር። የፊት መልክ መቀየር ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ አዳነ ግርማ ለጊዜው ቢጫ ፀጉር ይዞ ነው የሚጫወተው። «ሲመቸኝ አስተካክለዋለሁ» አለ። ዓመት አለፈ፤ አዳነም በቢጫ ፀጉሩ አርባ ምናምን ግብ አገባ። ይህ ሁሉ የተቀመጠባት ሜሞሪ ካርድ ስምንት ሜጋባይት የምትይዝ፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል ነገር ናት። ልጁ የሚያስቀምጣት እናቱ ፓስፖርትና ኢቃማ የምትደብቅበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። እህቴ አንድ ቀን አይታት «ይሄ ምንድን ነው?» ብትለው «ብሔራዊ ቡድኑ ነው» አላት።

ከዚያ አዛውንቱ አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 አመጡ። አዲሱ ማሽን በኢንተርኔት ተመዝገቡ ይላል፤ አገር ምረጡ ይላል፤ የትውልድ ዘመን አስገቡ ይላል። አዛውንቱ ሻያቸውን አስቀምጠው የእህቴን ልጅ ጠሩት። የአገሮቹን ዝርዝር ቢያወርድ ቢያወጣ ሱዳን የለም። ኢትዮጵያን ፈለገ፤ እሷም የለችም። ሁለት አገር ያለው ልጅ አገር አጥቶ ጥቂት ቆዝሞ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ነካ። በዚያች ቅጽበት የዱባይ ነዋሪ ሆነ። የሌለ መንገድ ቁጥር ጻፈ፣ ቀጥል የሚለውን ተጫነ፣ ማሽኑም እንኳን ደህና መጣህ አለው። እናቱ ይህን ስትሰማ ሳቋን ለቀቀችው። እሷ የመኖሪያ ፈቃዷን ለማደስ በየቢሮው ስትንከራተት፣ ፖሊስ ሐበሻ አፈሰ፣ ከሻ (አፈሳ) መጣ ሲባል የኋላ በር ስትፈልግ ኖራለች። ልጇ በአንድ ጣት ዱባይ ገባ። «ለእኔም እንደዚያ አድርገህ አውጣልኝ» አለችው።

የትውልድ ዘመኑ ደግሞ የባሰ ነበር። ዘመኑ እንደ ፈረንጅ 2019 ነው፤ ልጁ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው 1997 ብሎ አስገባ። ማሽኑ አሰላና ሃያ ሁለት ዓመት ሰጠው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ የተከለከለው ሁሉ ተከፈተለት። እኔ «ዋሽተሃል» ስለው «ጋሼ፣ አልዋሸሁም፤ ወረቀቱ ላይ 1997 ነው የሚለው፤ በየትኛው አቆጣጠር ብለው አልጠየቁኝም» አለኝ። የቀን መቁጠሪያችን ለቱሪስት ማስታወቂያ ከመሆን ሌላ ምን ይጠቅማል ለምትሉ፣ ይኸውና።

ሱዳን ከዝርዝሩ መጥፋቷ አላስገረመኝም። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. የንግድ ማዕቀብ ጥላባት ነበር፤ ማዕቀቡ በጥቅምት 2010 ተነሳ፣ «ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ» ከሚባሉት መንግሥታት መዝገብ የተሰረዘችው ግን ገና በታኅሣሥ 2013 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ባንኮች ይፈራሉ፣ የባንክ ካርድ በውጭ ድረ ገጽ አይሠራም፣ በሕጋዊ መንገድ ጌም ልግዛ የሚል ልጅ መክፈያ የለውም። በዚህ ላይ ልጁ አጭር አስተያየት ነበረው፦ «ጋሼ፣ ፕሬዚዳንት በሽር ፔስ ይጫወታል?» አይመስለኝም አልኩት። «ታዲያ እኔን ለምን ቀጡኝ?» የተባበሩት መንግሥታትን አዳራሽ የሚሞላ ሰው ማዕቀብ ማንን ይጎዳል እያለ በየዓመቱ ይወያያል፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ይነሳ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ከጌሙ መለስ ስንል ቴሌቪዥኑ አለ። የእሱ ትውልድ ዓረብኛ የተማረው ስፔስቱን ከሚባለው የሕፃናት ጣቢያ ነው። የጃፓን ካርቱን በጥሩው፣ በመጽሐፉ ዓረብኛ ተተርጉሞ ይቀርባል፤ የመግቢያ ዜማዎቹን ደማስቆ ውስጥ ታሪቅ አል-ዓረቢ ይደርሳቸው፣ ራሻ ሪዝቅ ትዘፍናቸው ነበር። እነዚያን ዜማዎች ሲሰሙ ጢም ያወጡ ሰዎች ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ልጁ አምስት ዓመቱ ላይ ሱቅ ተልኮ ዳቦ የጠየቀበት ዓረብኛ የዜና አንባቢ ዓረብኛ ስለነበር ባለሱቁ ከመቀመጫው ተነስቶ ነው ያስተናገደው።

የካርቱኖቹ ንጉሥ ካፒቴን ማጂድ ነው። የማጂድ ኳስ ተመትታ መረብ እስክትደርስ አንድ ክፍል ያልቃል፤ ሜዳው ስለሚረዝም ከወዲያኛው ግብ ተነስቶ የሚሮጥ ተጫዋች የልጅነት ትዝታውን በሙሉ አስታውሶ ይጨርሳል። ልጁ ማጂድ ጃፓናዊ መሆኑን፣ ዮይቺ ታካሃሺ የሚባል ሰው የሣለው ቱባሳ የሚባል ልጅ መሆኑን የሰማ ዕለት ምሳ አልበላም። ካገገመ በኋላ ግን ፍርዱን ሰጠ፦ «ጃፓኖቹ ሣሉት፤ ማጂድ ያደረግነው እኛ ነን።» «እኛ» ያለው እነማንን እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። እዚያ «እኛ» ውስጥ ሶርያ አለች፣ ሱዳን አለች፣ ዴምም አለች፤ የሚመልሰው ቢመስለኝም ራት ደርሶ ነበር።

እህቴ ደግሞ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ስታይ፣ ሱዳናዊቷ ጎረቤቷ ያንኑ ድራማ በሶርያ ዓረብኛ ታያለች። ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ይገናኙና ባልየውን ያማሉ። የአንዷ ጣቢያ ከሌላዋ ቀድሞ ስለሚሄድ አንዷ ሁልጊዜ መጨረሻውን ታውቃለች፤ አስተርጓሚው ልጁ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቷ «ሰውየው ይሞታል» ብላ ልትነግራት ስትል ልጁ «ሰውየው ወደ ውጭ አገር ይሄዳል» ብሎ ተረጎመ። ለምን እንዳሳሳተ ስጠይቀው «መጨረሻ መናገር ነውር ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ሴቶች ስለ ገጸ ባሕርይዋ ጠባይ ሲከራከሩ «ቱርኮቹ ራሳቸው ምን እንዳሉ እኮ ሁለታችሁም አልሰማችሁም» ብሏቸው ቡናው ቀዘቀዘ።

ትልቁ ጠባችን ግን በሙዚቃ ነው። ካርቱም ውስጥ ሐበሻ መሆን በዘፈን በኩል ክብር አለው። ታክሲ ነጂው ሐበሻ መሆናችሁን ሲያውቅ ጥላሁንን ወይም ማሕሙድን ያነሳል፤ ሰርግ ላይ የማሕሙድ ዘፈን ሲገባ ትከሻችሁን አይተው ቦታ ይለቁላችኋል። እኛም በበኩላችን መሐመድ ወርዲንና ሰይድ ኸሊፋን እንደ ቤታችን ሰው ነው የምናያቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእነሱም የእኛም ዘፈን በአምስት ኖታ ቅኝት የተሠራ ነው፤ ከጣና የወጣው ዓባይ ካርቱም ደርሶ ከነጩ ዓባይ ጋር እንደሚገናኝ ጆሯችንም ተገናኝቷል። ይህን አንድ ምሽት ለልጁ በሰፊው አስረዳሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «የማሪዮም ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ነው የተሠራው» አለ።

ነገሩ ከኒንቴንዶ የድሮ ማሽን የመጣ ነው። ያ ማሽን በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችለው አምስት የድምፅ መስመር ብቻ ነበር፤ ኮጂ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የሱፐር ማሪዮ ሙዚቃ የሠራው በዚያች ጠባብ ቦታ ነው። አምስት ኖታና አምስት የድምፅ መስመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ይህን ልነግረው ብጀምር «ጋሼ፣ በትንሽ ነገር ብዙ መሥራት ነው እኮ ያልኩት» ብሎ ዘጋኝ። እኔ ስለ ጥላሁን በዚህ ዓይነት ጥሩ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያም በግንቦት 2011 መጨረሻ ካርቱም ውስጥ የጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ለተቃውሞ የተቀመጡት ሰልፈኞች በኃይል ተበተኑ፤ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ከወር በላይ ቆየ። በስልክ ፐብጂ ሲጫወት የሚያድረው የካርቱም ጎረምሳ በሙሉ በአንድ ሌሊት ሥራ ፈታ። ወላጆች ሰልፉ ላይ ስለሞቱት ልጆች እያለቀሱ፣ ቤት የቀሩት ልጆቻቸው በደህና መሰላቸታቸውን ደግሞ በልባቸው ያመሰግኑ ነበር። የእህቴ ልጅ በዚያ ወር አዲስ አቋም ያዘ፦ «ጌም ማለት ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቀረው ነው።» ሌሎቹን ሁሉ ከዝርዝሩ ሰረዘ። ሳን አንድሪያስ ቀረ፣ ፔስ ቀረ፣ ማሪዮ ቀረ። በዚህ መለኪያ ጌም ላይ ብቻ ሳይሆን ሰው ላይም ሲፈርድ ሰምቼዋለሁ።

ሚያዝያ 2015 መጀመሪያ ላይ የድል ዜና ይዞ መጣ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የማሪዮን ዜማ ለትውልድ ይጠበቁ ከሚላቸው የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ ከቪዲዮ ጌም ሙዚቃ የመጀመሪያው ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ ነው፤ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘርግቶ «አንብብ» አለኝ። አነበብኩ። ጥላሁንንስ መቼ ነው የሚያስገቡት ብዬ ነገሩን ላዞር ሞከርኩ፤ አልሆነም። ድሉን ግን ብዙም አላጣጣመውም፤ ሚያዝያ 7 ማለዳ ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዋቂዎቹ እንደ ልማዳችን ተሰብስበን መከርን። አንዱ ሦስት ቀን ነው ይላል፣ አንዱ ከዒድ አያልፍም ይላል፣ እህቴ ፍሪጅ ውስጥ ስላለው ሥጋ ታስባለች። ልጁ መስኮት አጠገብ ሆኖ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ያዳምጣል። ፐብጂን የተጫወተ ያውቃል፤ የመጫወቻው ክበብ በየደቂቃው እየጠበበ ይመጣል፣ ከክበቡ ውጭ የቀረ ሰው መሣሪያ ቢኖረውም ባይኖረውም ያልቃል። «እማዬ፣ ዞኑ እየተዘጋ ነው፤ እንውጣ» አለ። ማንም ሌላ ሰው በዚያ ሁሉ ምክር ውስጥ እንደዚህ አጭር ነገር አልተናገረም። ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ፤ መንገዱ እስከ ዛሬ የሚወራ ነውና እዚህ አላስረዝመውም። እህቴ ፓስፖርቷን ይዛ ወጣች፤ እሱ ብሔራዊ ቡድኑን።

ከዚያ ወዲህ ተኩስ ያለበትን ጌም ይነቅፋል፤ ነቀፋው ግን እንደጠበቅኩት የሐዘን አይደለም፣ የባለሙያ ነው። «ፐብጂ ላይ ቤት ገብተህ ጥይት ታገኛለህ፣ መድኃኒት ታገኛለህ፣ ነዳጅ ታገኛለህ። ውኃ የሚፈልግ ሰው የለም። ዳቦ የሚሰለፍ ሰው የለም። ያላሰቡት ይሄን ነው» ይላል።

አሁን አዲስ አበባ ነው፣ ሃያን ተሻግሯል፣ አስተያየቱ አብሮት ተሻግሯል። ቅኔ ጌምስ የሚባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራውን ኩኩሉን አሳየሁት፤ ዶሮ ከሚያባርራት ገበሬ የምትሸሽበት የስልክ ጌም ነው። ተጫወተው፣ ሳቀ፣ «የዶሮዋ ወገን ነኝ፤ በዓል ሲደርስ ግን አላውቅም» አለ። ቀጥሎ ስለ ሉዋል ማየን ነገርኩት። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ወላጆቹ ከጦርነት ሲሸሹ መንገድ ላይ ተወልዶ ያደገው ሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅማ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት፤ እሱን ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር። በራሱ ጥሮ ተምሮ ሰላም የሚባል፣ ተጫዋቹ ስደተኛ ሆኖ የሚሸሽበት ጌም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ትልቁ የጌም ሽልማት መድረክ ላይ ተከበረ። እኔ ስናገር ድምፄ ተሰብሮ ነበር። ልጁ በትዕግሥት ጠበቀኝና «እሺ፣ ጎበዝ ሰው ነው። ጆይስቲኩ ግን እንዴት ነው፣ ጌሙ ይመልሳል?» አለኝ።

በመጀመሪያ ጭካኔ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ከእኔ እንባ የበለጠ ክብር ያለበት እሱ ጥያቄ ውስጥ ነው። ልጁ ራሱ በርኅራኄ ሲታይ የኖረ ነው፤ ስደተኛ፣ ምስኪን፣ ከጦርነት የመጣ። ጌሙን ግን ያሸነፈው ማንም አዝኖለት አይደለም። ያ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የማን ልጅ ነህ፣ ኢቃማህ ታድሷል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፤ የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም ከፍሏል። ስለዚህ ማየንን እንደ ጌም ሠሪ ሊመዝነው ይፈልጋል፤ ሌላው ሁሉ የጨዋ ሰው ምፅዋት ነው። ወጣት ሁሉ ዝም ብሎ ያወራል የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ቢያደምጡት እወዳለሁ።

ሰሞኑን የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሐዘን አለ። ጂቲኤ 6 የሚባለው ጌም ዘገየ። አምስተኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የስድስተኛው ማስተዋወቂያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ታይቶ ሕዝቡ ሲጨፍር በ2025 ይወጣል ተባለ፤ ከዚያ ወደ ግንቦት 2026 ተገፋ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ኅዳር 2026። የአዲስ አበባ ልጆች ጌሙን የሚሠራውን ሮክስታርን እየረገሙ ነው። የእህቴ ልጅ ብቻ ነው የተረጋጋው። መብራት ሲጠብቅ፣ ኢንተርኔት ሲጠብቅ፣ የእናቱን ኢቃማ ሲጠብቅ፣ ድንበር ላይ ማህተም ሲጠብቅ ያደገ ሰው ስድስት ወር ምኑ ነው? «ቸኩሎ ወጥቶ ከሚንተከተክ ቆይቶ በስሎ ይምጣ» አለ፤ እናቱ ስለ ሽሮ የምትለው ነው።

«አንተ ግን እስከ መቼ ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ጌሙን አይደለም የምጠብቀው። ጌሙ የሚሠራው በፕሌይስቴሽን 5 ነው። እሱን የሚገዛልኝን ሰው ነው የምጠብቀው» ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ዋጋውን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ፤ ደግመህ ንገረኝ አልኩት፤ ደገመው። እኔም መልሱን በሚመጣው ኅዳር እሰጥሃለሁ ብዬ ቀኑን ገፋሁት። ሮክስታር ሁለት ጊዜ ካራዘመ፣ እኔ አንድ ጊዜ ባራዝም ማን ይከሰኛል?